ሁለቱ ደብተሮች

ሰው መኪና የሚገዛው ሊሄድበት ነው። እኔ የማይሄድ ገዛሁ። አውቄ ነው ደግሞ የገዛሁት፤ ያታለለኝ ደላላ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2002 ዓ.ም. ለፋሲካ አምበር ገብቼ ነበር። አምበርን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፎ፣ ደብረ ማርቆስ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው የአውቶቡሱ ረዳት «ወራጅ አለ?» ብሎ የሚጠይቅባት፣ አብዛኛውን ጊዜም «የለም» ተብሎ የሚታለፍባት ከተማ ናት። የአነደድ ወረዳ መቀመጫ ናት። እኔ ተወልጄባታለሁና ሁልጊዜ ወራጅ ነኝ።

በበዓሉ ማግስት አንዲት የቆዩ ጎረቤታችንን ልጠይቅ ገባሁ። ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አንዲት ቮልስ ቆማለች። ቆማለች ማለት እንኳ አይቻልም፤ ጎማዎቿ መሬት ውስጥ ሰጥመው በሆዷ ተኝታለች። የአንዱ በር መስታወት የለም። የኋላ መቀመጫዋ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። አወቅኋት። ልጆች ሳለን የሴትዮዋ ባለቤት ይቺን መኪና እየነዱ በከተማዋ ሲያልፉ፣ አቧራዋን እየዋጥን ተከትለናት የምንሮጠው እኛ ነበርን። ሰውየው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

«እሜቴ፣ ይቺን አይሸጡልኝም?» አልኳቸው።

«ምን ልታደርጋት?»

«ላሳድሳታ!»

ትኩር ብለው አዩኝ። ሰው ጤናውን ሲያጣ የሚታየውን አስተያየት ነው ያዩኝ። ከዚያ፣ «እሷንስ ውሰድ፤ ዶሮዎቹን የት ላድርጋቸው?» አሉ።

በስተመጨረሻ 22,000 ብር ለመኪናዋ፣ ለአዲስ የዶሮ ቤት ደግሞ ቆርቆሮና ሚስማር ልችል ተስማማን። ሊብሬዋ በፌስታል ተጠቅልሎ ከሣጥን ሥር ወጣልኝ። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ነበር የማስተምረው። 22,000 ብር ማለት ከአምስት ወር ደሞዜ በላይ ነው። አይሱዙ ተከራይቼ፣ ስምንት ሰው ተሸክሞ አወጣት፤ አምበር ገበያ ሲወጣና ሲወርድ የዋለ ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። አንዱ፣ «ምነው፣ አስከሬን ነው?» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ስለ ቮልስ ለአንባቢ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ላይ ከፋብሪካ የወጣችው እንደ ፈረንጆቹ በሐምሌ 2003 ነው። እኛ አገር የአስተማሪው፣ የሐኪሙ፣ የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆና ኖረች። ወደ ታሪክ መጽሐፍ የገባችው ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ሮልስ ሮይስ የለመዱትን ንጉሠ ነገሥት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች። የእኔዋ የ1965 ምርት ናት፣ እንደ ፈረንጆቹ። ለእሷና ለእኔ የዕድሜያችን ልዩነት ጥቂት ዓመት ነው። ይህም ሳያሳዝነኝ አልቀረም መሰለኝ።

እንዲህ ያለውን ሥራ ፈረንጅ «ሆቢ» ይለዋል። እኛ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ብለን ተርጉመነዋል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ትርጉም ብዙ አውርቻለሁ፤ በዚህች ሐረግ ላይ ግን ቆሜ ያሰብኩት መኪናዋን ከገዛሁ በኋላ ነው። ትርፍ ማለት ከሚያስፈልገው በላይ የቀረ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ የቤት ኪራይ፣ ዕቁብ፣ ዕድር፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ አገር ቤት ያለች እናት፣ ሥራ ያጣ የአጎት ልጅ፣ ይህ ሁሉ ተሰልቶ ከእኛ መሃል ትርፍ ያለው ማን ነው? ፈረንጁ ለአሮጌ መኪናው የሚያወጣው የራሱን ገንዘብ ነው። እኛ ዘንድ «የራስ» የሚባል ገንዘብ ብዙም የለም፤ ያለን ገና ያልተጠየቅነው ገንዘብ ነው።

ይህን ያኔ አላልኩም። ያኔ ያልኩት «ቀስ እያልኩ እሠራታለሁ፤ አትጎዳንም» ነው። ባለቤቴም፣ «እንግዲህ እናያለን» አለች። ትዳር ላይ የቆየ ሰው «እንግዲህ እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ማርቆስ ውስጥ አንድ አዛውንት መካኒክ አገኘሁ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «መምህር» ይሉኛል። የመጀመሪያ ቀን ካቻቢቴና ፒንሳ እንኳ በቅጡ መያዝ እንደማልችል አይተው፣ ቁልፍ 17 እጄ ላይ አስቀመጡና፣ «መምህር፣ ቮልስ ማለት አራት ቡሎን ናት። አራቱን ፈታህ፣ ሞተሯ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግስት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሞተሯ በአራት ቡሎን ነው የተያዘችው። ትዕግስቱ ግን አምስት ዓመት ፈጀ።

ቮልስ ውኃ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ማራገቢያው ሳጥን ውስጥ፣ ለሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ከወንድሞቹ ሁሉ ይበልጥ ይግላል፤ ቫልቭ መቃጠል ሲጀምርም ብዙውን ጊዜ እዚያ ይጀምራል። ፋብሪካው ይህን ያስተካከለው ዘግይቶ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ሽማግሌው የእኔዋን ሞተር ሳይፈቱ፣ «ሦስተኛው ሄዷል» አሉ። ፈታን። ሦስተኛው ሄዷል።

ሌላም ተማርኩ። ፋብሪካው ለዚህች ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ሰጥቷታል። ያ ግን በባሕር ወለል ላይ ነው። አየር በሳሳ ቁጥር ጉልበትም ይሳሳል፤ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ከ34ቱ ፈረሶች ስምንት ያህሉ ዳገቱን አልወጡም ማለት ነው። ካርቡሬተሯም ለወፍራም አየር የተለካ በመሆኑ እኛ ጋ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ሽማግሌው ይህንን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ካንዴላውን ነቅለው ቀለሙን ያዩና፣ «ጠግባለች፤ ቀንስላት» ይላሉ።

የዶሮ ኩስ ብረት እንደሚበላ ታውቁ ኖሯል? እኔ አላውቅም ነበር። የወለሏ ላሜራ እንደ ስስ እንጀራ ዓይን በዓይን ሆኗል። ባትላሜራው አዲስ ወለል ቆርጦ በየዳ። መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድኩ፤ አንዱ ኮፒ ነው፣ አንዱ ኦሪጅናል ነው እየተባልኩ ኮፒውን በኦሪጅናል ዋጋ ገዛሁ። ፒስቶንና ሲሊንደር ጀርመን የሚኖር ዘመዴ በሻንጣ አመጣልኝ፤ ለእናቱ ያመጣውን ልብስ ቀንሶ።

እንግዲህ ወጪ ወጪ ስል ደስታውን የረሳሁ አይምሰላችሁ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ክፍል ውስጥ ቆሜ አውርቻለሁ። ስለ አንድ ልቦለድ የተናገርኩት ትክክል ይሁን ስህተት አንድም ቀን ማረጋገጫ አግኝቼ አላውቅም። ተማሪው ይጽፋል፣ እኔ አርማለሁ፣ ሁለታችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ሞተር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቫልቩን ክፍተት ከአንድ ወረቀት ውፍረት በማትበልጥ ልክ ካሳሳትክ ይነግርሃል። ያንኑ ለት፣ በድምፁ ይነግርሃል። አለባብሰህ ብታልፈው፣ «ይሁን ግድ የለም» ብትለው፣ ኋላ መንገድ ላይ ያቆምሃል። ዲግሪህን አያይም። ቅዳሜ ከሰዓት እጄ ጥቁር ሆኖ፣ ጥፍሬ ተሰብሮ ወደ ቤት ስገባ፣ ሳምንቱን ሙሉ ካስተማርኩት ይልቅ ያቺን ቀን ቁም ነገር የሠራሁባት ይመስለኝ ነበር። ሞተሯ የተነሳች ለትማ! የካቲት 2006 ነው፤ ገና መቀመጫ የላትም፣ ቀለም የላትም። ሽማግሌው ቤንዚን ጠብ አደረጉላት፣ አሰነሳናት፣ ተንገጫግጫ ያዘች። ያን ድምፅ ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው የማውቀው። ጋራዡ ውስጥ ቆሜ እንባዬ መጣ። ሽማግሌውም አይተው እንዳላየ ሆኑልኝ።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ።

ሁለት ደብተር ነበረኝ። አንዱ ሰማያዊ ነው፤ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣል። ሌላው ቢሮዬ፣ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚኖረው። ሰማያዊው ላይ ካርቡሬተር 800 ብር ይላል፤ የመሳቢያው ላይ 2,600። ሰማያዊው ላይ ቀለም የለም፤ «ወዳጄ በነፃ ቀባልኝ»። ወዳጄ የምለው ቀለም ቀቢ ስልክ በደወለ ቁጥር ከቤት ወጥቼ ነበር የማናግረው። ሲጠናቀቅ እውነተኛው ድምር 118,000 ብር ነው፤ 22,000 መግዣ፣ 38,000 ሞተር፣ 31,000 ባትላሜራና ቀለም፣ ቀሪው ጎማ፣ ሽቦ፣ ባትሪ፣ መስታወትና መመላለሻ። የማይሄድ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መግዣው ከጠቅላላው ወጪ ከአምስት አንድ እጅ አልሞላም፤ ይህን ያዙልኝ። ሰማያዊው ደብተር የሚለው 61,000 ነው።

ቀን ሙሉ ከማይታለል ነገር ጋር ውዬ ማታ ደብተር እየፈጠርኩ እጽፍ ነበር።

በግንቦት 2005 ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ መጣ። አምበር አጠገብ ገበሬ ነው፤ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፣ «አያ» እያልኩ ነው ያደግኩት። አንዱ በሬው ሞቶበታል። ክረምት እየገባ ነው። ቡናው እስኪደርስ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘመድ ተጨዋወተ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «9,000 ብር ብታገኝልኝ፣ ጤፍ ሲገባ እመልስልሃለሁ» አለኝ። ወንድሜ ከእኔ ገንዘብ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር።

«አሁንስ የለኝም፣ አያ» አልኩት።

በቁሙ ካየነው ውሸት አልነበረም። ገንዘቡ እኔ ዘንድ አልነበረም፤ ለፒስቶኑ ብዬ ለዘመዴ ከሰጠሁት ሳምንት አልሞላውም። የቃል ሰው መሆን ክፋቱ ይሄ ነው፤ ውሸትን እውነት በሚመስል ዓረፍተ ነገር መናገር ያስችልሃል።

«ይሁን። እግዜር ያውቃል» አለና ቡናውን ጠጥቶ ተመለሰ።

በአንድ በሬ አይታረስም። መቀናጆ የሚሆነው ሰው ፈለገ፤ በወቅቱ ሁሉም ተቀናጅቶ ጨርሷል። ስለዚህ ሁለት ጥማድ የጤፍ መሬቱን ለእኩል ሰጠ። ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እኔ የማስታውሰው በዚያው ዓመት ከአምበር አንድ ገንቦ ቅቤ፣ ኋላም አንድ ኩንታል ጤፍ እንደተላከልን ነው። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» እያልኩ በኩራት በላሁ።

በ2007 ዓ.ም. መስቀል ላይ ቮልሷ አለቀች። ነጭ ናት፤ የፊት መብራቷ ስታየኝ የምታውቀኝ ትመስላለች። በ26 ፈረስ ጉልበት ከማርቆስ አምበር ነዳኋት። መንገዱ ግራና ቀኝ አደይ አበባ ነው። አምበር ስገባ ልጆች ተከትለውን ሮጡ፤ አሁን አስፋልት ስለሆነ የሚዋጥ አቧራ የለም እንጂ እኛኑ ነበር የሚመስሉት። ዶሮ ቤት የሠራሁላቸው እሜቴ ከደጅ ወጥተው እልል አሉ፤ ከዚያ የሟች ባለቤታቸውን ስም ጠርተው አለቀሱ።

ወንድሜ ከአስፋልቱ ዳር ጠበቀኝ። በመኪናዋ ዙሪያ ቀስ ብሎ ዞረ። በሯን ከፍቶ ዘጋ። ፈረስ እንደሚገዛ ሰው ጎማዋን ዳበሳት።

«ስንት ፈጀችብህ?»

«ስልሳ ሺህ» አልኩ። ሰማያዊው ደብተር አፌ ላይ ነበር።

ዝም አለ። «እኔ ማርቆስ የመጣሁ ጊዜ፣ ያንጊዜም እየሠራሃት ነበር?»

«አዎ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወንድሜ በጉርምስናው አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው። ያ ፈረስ አያርስም፤ ጭነት አይጫንበትም። ገብስ ይበላል፣ ይታጠባል፣ ለጥምቀት ይሸለማል፤ ወንድሜ ጉግስ ይጫወትበታል። ያ ብቻ ነው ሥራው። አባታችን «ይሄ ከብት ለምን ይበላል?» እያለ ሲያማርር ነው ያደግነው። በ1980 ዓ.ም. እኔ ስድስት ኪሎ ስመደብ ፈረሱ ማርቆስ ገበያ ወርዶ ተሸጠ። ሻንጣዬ፣ ብርድ ልብሴ፣ የመጀመሪያ ሹራቤ፣ መሳፈሪያዬ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሌላ ፈረስ አልያዘም። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር። ማወቅና ማስታወስ ግን ይለያያል።

እሱ ስለ ፈረሱ የሚያነሳው መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። አነሳውም።

«ፈረሴን ስሸጥ አልቆጨኝም። አውቄ ነው የሸጥሁት። ደግሞ ሰው የማይጠቅመውን ነገር እንደሚወድ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ‹ገንዘቡንስ አገኛለሁ፤ ግን መኪናዬን እየሠራሁበት ነው› ብትለኝ እናደድ ነበር፤ ተናድጄም እስቅ ነበር። አንተ ግን ‹የለኝም› አልኸኝ። አመንሁህ። እየተሳቀቅሁ ተመለስሁ። ያን ቅቤና ያን ጤፍ የላክሁት ተቸግረሃል ብዬ ነው።»

ሁለት ጥማድ መሬቱን ለእኩል በሰጠበት ዓመት!

ከዚህ በኋላ ብዙም አልተነጋገርንም። ማታ ማርቆስ ተመለስኩ፤ በማግስቱ ቢሮ ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩና እውነተኛውን ደብተር ለባለቤቴ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው። «የካርቡሬተሩን አውቃለሁ» አለች፤ «የመካኒኩ ሚስት ከኔ ጋር አንድ ዕድር ናት። የቀለሙንም አውቃለሁ። መቼ ትነግረኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ አምስት ዓመት ሞላኝ።» እኔ ስደብቅ፣ እሷ መደበቄን ስትደብቅልኝ! አምስት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም በአንድ ቤት ውስጥ ተጠባብቀን ኖርን ማለት ነው። ከ118,000 ብሩ ይልቅ ይህኛው ከበደኝ።

ደብተሩ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ጤፍ፣ አራት ኩንታል።» የእኩል አራሹ ከሁለት ጥማዱ የወሰደው ያን ያህል ነው። ካርቡሬተር፣ ቫልቭ፣ ጎማ፣ ቀለም፣ ጤፍ። ከዚያ መስመር በኋላ ነው ሒሳቡ የተዘጋው። በጥር ወር በሬ ገዝቼ አምበር ወሰድኩ። «ብድር ነው?» አለኝ ወንድሜ። «ዕዳ ነው» አልኩት። ተቀበለኝ።

እንግዲህ፣ «ታዲያ ተጸጸትክ?» ብትሉኝ፣ መኪናዋን በመሥራቴ አልተጸጸትኩም። ሰው ከሚበላውና ከሚለብሰው ውጪ አንድ የሚወደው ነገር ቢኖረው ኩነኔ የለበትም። ወንድሜ ያንን ፈረስ ሲያጥብ የነበረው ፊቱ እስካሁን በዓይኔ ላይ ነው፤ እኔም ጋራዥ ውስጥ ያ ፊት ነበረኝ። ግን የምንወደው ነገር አየር የሚከለክለው ሰው ይኖራል። እንደ ሦስተኛው ሲሊንደር ዝም ብሎ የሚግል አንድ ሰው በየቤቱ አለ። ማን እንደሆነ ሳናውቅ ነው ሞተሩ የሚቃጠለው። ቢያንስ ነግረነው እንግለብበት።

ዛሬ ቮልስ ተፈላጊ ሆናለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች አሮጌ ቮልስ እየፈለጉ ያድሳሉ። እኔም ገዢ መጥቶልኝ ያውቃል፤ ካወጣሁት በላይ የሚሰጥ። ባለቤቴ ናት «አይሸጥም» ያለችው። «የከፈልንባትን እነሱ አይከፍሉንም» አለች።

ደኅናው ዘመን ሳለ በየዓመቱ ለጥምቀት አምበር እወርድባት ነበር። ወንድሜ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከጎኔ ይቀመጣል፤ መንገድ ላይ ፈረሰኛ ካየ «ቀስ በል» ይለኛል፤ እስኪያልፍ ዓይኑን አይነቅልም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ፣ ክልሉ ግጭት ውስጥ ከገባ ጀምሮ፣ ቮልሷን ረጅም መንገድ አላወጣኋትም። ከቤቴ ደጅ ቆማለች። ዶሮ እንዳይወጣባት በሸራ ሸፍኛታለሁ።

ስልክ ሲሠራ ወንድሜ ይደውላል። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መንገዱ ከተነጋገርን በኋላ፣ «ያችስ? ታስነሳታለህ?» ይለኛል።

«በሳምንት አንዴ፣ አያ።»

«ደግ። ፈረስም ካልተጋለበ ይሰንፋል።»